ቡርጊ የደበቀችው ትኩሳት

ቡርጊ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ ላርሽባህ በምትባል የቲሮል ተራራ መንደር ውስጥ፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው በላይ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነበር። አባቷ መሰንጠቂያው ውስጥ ይሠራል። እናቷ ላሞቹን ታልባለች፣ ቅቤውን ትንጣለች። ታናሽ እህቷ ኡርስል ደግሞ ገና አምስት ዓመቷ ነው፤ ያየችውን ሁሉ ጮክ ብላ ትናገራለች። እንዲህ ያለች እህት ያላችሁ ልጆች የቡርጊን መከራ ታውቁታላችሁ።

እኔ በዚያ ዘመን የላርሽባህ ልጆች የሰንበት ትምህርት አስተማሪ ነበርኩ። የምነግራችሁን ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ። ግማሹን ደግሞ ቡርጊ ራሷ ነግራኛለች።

መጀመሪያ ግን ስለ ስእለቱ ልንገራችሁ።

ከብዙ ዘመን በፊት፣ የአያቶቻችን አያቶች እንኳ ሳይወለዱ፣ ላርሽባህ ውስጥ ክፉ ወረርሽኝ ገባ። ሰው በየቤቱ ወደቀ። በሮች ተዘጉ። ከበሽታው የተረፉት ሰዎች ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ተራርቀው ቆሙና ስእለት ተሳሉ። «ጌታ ሆይ፣ ይህን መዓት አርቅልን። እኛም፣ ልጆቻችንም፣ የልጅ ልጆቻችንም በየዓመቱ ሻማ ይዘን፣ እየዘመርን እናመሰግንሃለን» አሉ። ወረርሽኙም ቆመ። ሰዎቹ ቃላቸውን አልረሱም። እስከ ዛሬ ድረስ፣ ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው እሑድ፣ መላው መንደር ከቤተ ክርስቲያኑ ተነሥቶ ወንዙ ዳር እስካለችው ትንሽ ጸሎት ቤት ድረስ እየዘመረ ይሄዳል።

የስእለቱን ሻማ የሚይዘው ሁልጊዜ ልጅ ነው። ሻማው ነጭ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ከኡርስልም ይረዝማል። የሚይዘው ልጅ በዕጣ ይመረጣል፤ ነጭ ልብስ ለብሶም ከሁሉ ፊት ይሄዳል። ዕጣው የሚወጣው ከቤተ ክርስቲያናችን ኦርጋን ተጫዋች ባርኔጣ ውስጥ ነው።

በዚያ ዓመት የወጣው የቡርጊ ስም ነበር።

«ወጣልኝ! ወጣልኝ!» እያለች ቤተ ክርስቲያኑን ሁለት ጊዜ ዞረችው።

ሁለተኛ ዕጣ የወጣላት አፍራ ናት። አፍራ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ስትሆን የቡርጊ የልብ ጓደኛ ነበረች። ግን ምላሷ ስለት ነው።

«እንግዲህ እኔ ተጠባባቂ ነኝ» አለች አፍራ። «ብትደናቀፊ እኔ እይዘዋለሁ።»

«አልደናቀፍም።»

«ክንድሽ ቢዝልስ?»

«አይዝልም።»

«ብትታመሚስ?»

«እኔ? እኔ ታምሜ አላውቅም!» አለች ቡርጊ።

ይህ እንኳ እውነት አልነበረም። በገና ሰሞን ያስነጠሰችው ማስነጠስ ዶሮዎቹን ከቆጥ ያወርድ ነበር።

ፋሲካ መጣ። በፋሲካ ማግስት ቡርጊ ከአባቷ ጋር ተራራውን ተሻግራ አክስቷን ጠየቀች። ከአክስቷ ልጆች ጋር ስትጫወት ውላ ተመለሰች። በሚቀጥለው እሑድ ቄሱ፣ አባ ላምበርት፣ ከቅዳሴ በኋላ እንዲህ አሉ፦

«ልጆቼ፣ ከተራራው ማዶ ኩፍኝ ገብቷል። ትኩሳት ያለው፣ የሚያስል፣ ዓይኑ የቀላ ልጅ ካለ ቤቱ ይቆይ። ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ይቅር። እግዚአብሔር አይቀየመውም፤ ቤቱ ድረስ ይመጣለታል።»

የኩፍኝ ክትባት በዚያ ዘመን ገና አልተገኘም ነበር። ለትልልቅ ልጆች ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ለጨቅላ ሕፃናት ግን አደገኛ ነው።

በዚያው ቀን አባ ላምበርት ወደ ሰንበት ትምህርት ክፍላችን ገቡና ስለ ቀደሙት ክርስቲያኖች ነገሩን። በጥንት ጊዜ በትልልቆቹ ከተሞች ወረርሽኝ ሲገባ ብዙ ሰው የገዛ ወንድሙን ጥሎ ይሸሽ ነበር። ክርስቲያኖቹ ግን ቀሩ። ለበሽተኛው ውሃ አጠጡ። ቁስሉን አጠቡ። የሞተውን ቀበሩ። ብዙዎቹም አብረው ሞቱ።

ቡርጊ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ አፏን ከፍታ ሰማች።

«በሽታውን አልፈሩም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ከፍርሃታቸው ይልቅ ፍቅራቸው በለጠ» አሉ አባ ላምበርት።

ቡርጊ ይህን ሰማች። ግን፣ ልጆች፣ ግማሹን ብቻ ነበር የሰማችው።

ዓርብ ጠዋት ቡርጊ ስትነቃ ሰውነቷ እንደ ምድጃ ግሏል። ጉሮሮዋ ይከረክራታል። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ዓይኗን ወጋት።

ኡርስል አልጋው ላይ ተንጠላጥላ አየቻት።

«ቡርጊ! ዓይንሽ የነጭ ጥንቸል ዓይን መስሏል!»

«ዝም በይ!»

«አፍንጫሽም እንደ ጥንቸል ይርሳል!»

«ኡርስል፣ ዝም ካልሽ የዳቦዬን ዘቢብ በሙሉ ለአንቺ ነው።»

ኡርስል አሰበችበት። ዘቢብ በጣም ትወዳለች። «የዛሬውን ብቻ ነው ወይስ የነገውንም?»

«የነገውንም።»

«እሺ» አለች ኡርስል፣ አፏንም በእጇ ዘጋችው።

እናታቸው ያን ቀን በረት ውስጥ ነበረች። ትልቋ ላም ልትወልድ ደርሳ ስለነበር ከአጠገቧ አልተለየችም። «ቡርጊ፣ ምነው ድምፅሽ ጎረነነ?» ብላ ከበረቱ ተጣራች።

«መዝሙር ስለማመድ ነው፣ እማዬ!» አለች ቡርጊ።

መዝሙር አልተለማመደችም። ስታስል ነበር።

ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ የመጨረሻው ልምምድ ነው። ቡርጊ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ ወረደች። ሳል ሲመጣባት ሻርፑን አፏ ውስጥ ትጎሰጉሳለች።

«ፊትሽ ለምን ቀላ?» አለች አፍራ።

«ዳገቱን ሮጬ ነው።»

«የምን ዳገት? ከቤትሽ ወደዚህ እኮ ቁልቁለት ነው!»

ቡርጊ ሻርፑን ወደ ላይ ሳበች። ዞር ብላ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ካለው ምንጭ ውሃ ጠጣች። በሰንሰለት የታሰረች አንዲት የብረት ኩባያ አለች፤ ሁላችንም የምንጠጣው በእሷ ነው። ቡርጊ ጠጥታ ስታበቃ አፍራ ኩባያዋን ተቀበለቻት። ሳታለቀልቅ ሞላቻትና ወደ አፏ አነሣች።

ቡርጊ አየቻት። «ቆይ! አትጠጪ!» ማለት ፈለገች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ብትናገር ሻማው ይሄዳል። ነጩ ቀሚስም፣ የፊቱ ቦታም ይሄዳል። አፍራ ጠጣች። ቡርጊ ዝም አለች።

ለራሷም እንዲህ አለች፦ «ቅዱሳኑ በሽታ አልፈሩም። እኔስ ለምን እፈራለሁ?»

ልጆች፣ ይህ አነጋገር ሲሰሙት ደስ ይላል አይደል? ግን ውስጡ ትልቅ ስሕተት አለበት። እስቲ እናንተም ፈልጉት።

እሑድ ጠዋት ሰማዩ ጠርቷል። በረዶው ከሜዳው ላይ ቀልጦ ቢጫ አበቦች ፈክተዋል። አባቷ የቤተ ክርስቲያኑን ሰንደቅ ስለሚይዝ በማለዳ ወርዷል። እናቷ አሁንም በረት ውስጥ ናት። ቡርጊ ነጩን ቀሚስ ለብሳ፣ ኡርስልን በእጇ ይዛ፣ እየተንገዳገደች ቁልቁለቱን ወረደች። ራሷ እንደ ደወል ይጮህባታል።

ደጃፉ ላይ መላው መንደር ተሰብስቧል። ሻማው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አባ ላምበርት የስእለቱን መስቀል ይዘዋል። ልማዱ እንዲህ ነው፦ ሻማ ያዡ ልጅ መስቀሉን በመጀመሪያ ይስማል፣ ከዚያም ሕፃናቱ፣ ከዚያም ሌላው ሰው ሁሉ።

ያኔ እትዬ ሴንዚ መጣች። እትዬ ሴንዚ የኦርጋን ተጫዋቹ ሚስት ናት። ስንት ዓመት ልጅ ስትለምን ኖራ በዚያ ክረምት ኮርቢ የሚባል ወንድ ልጅ ወልዳለች። ኮርቢ ከወሩ ቀድሞ ነው የተወለደው። ከዳቦ አይበልጥም ነበር። ክረምቱን ሁሉ በምድጃው አጠገብ፣ በሱፍ ተጠቅልሎ ነው የከረመው። ያን ቀን ከቤት ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር።

«ቡርጊዬ፣ የኔ ቆንጆ!» አለች እትዬ ሴንዚ። «እንዴት አምሮብሻል! በይ እስቲ ኮርቢን አንዴ ያዢልኝ፣ ሻርፔ ተፈትቷል።» ሕፃኑንም ዘረጋችላት።

ቡርጊ ኮርቢን አየችው። ዓይኑ ሰማያዊ ነው። በትንሿ እጁ አየሩን ይቧጥጣል። ከዚያ ፈገግ አለላት። ጥርስ የሌለው፣ ድድ ብቻ የሆነ ፈገግታ!

ቡርጊ እጇን ዘረጋች። ሳሏ ከደረቷ ሲነሣ ተሰማት። በድንገት ወደ ኋላ ዘለለች።

«አይ! አይ እትዬ ሴንዚ! አትስጪኝ! አርቂው!»

«ምነው? ምን ሆንሽ ልጄ?»

«አሞኛል!» ብላ ጮኸች ቡርጊ። «ከዓርብ ጀምሮ አሞኛል! ትኩሳት አለኝ፣ ያስለኛል፣ ደብቄ ነው! ሻማውን ልይዝ ብዬ ደብቄ ነው!»

ሳሉም መጣ። በዚህ ጊዜ ሻርፕ አልጎሰጎሰችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሳለች፣ ሳለች፣ ከዚያም አለቀሰች።

እትዬ ሴንዚ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ከደረጃው ወረደች። ሰዉ ሸሸት አለ። አንድ ሰው «መስቀሉን ልትስም ነበር እኮ!» ሲል ሰማሁ። ኡርስልም በዚያ ሁሉ ሰው መሃል «እኔ አልተናገርኩም! ዘቢቤን እፈልጋለሁ!» ብላ ጮኸች።

አባ ላምበርት ብቻ ወደ ቡርጊ ቀረቡ። «እኔ በልጅነቴ ኩፍኝ ወጥቶብኛል» አሉ። «አንዴ የያዘውን ሰው ዳግም አይዝም።» ደረጃው ላይ አጠገቧ ተቀመጡና እጃቸውን ግንባሯ ላይ አደረጉ። «እውነትም ምድጃ ነሽ።»

«አባ፣ ተቆጡኝ» አለች ቡርጊ እየተንሰቀሰቀች።

«ቆይ። ለምን እንደደበቅሽው መጀመሪያ ንገሪኝ።»

«ሻማው… አፍራ እንዳትይዘው… ደግሞም እርስዎ ነዎት ያሉት! ቅዱሳኑ በሽታ አልፈሩም ብለውናል!»

አባ ላምበርት ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። «ብያለሁ። ግን እስቲ አስቢ፤ ቅዱሳኑ ወደ ማን ነበር የሚሄዱት?»

«ወደ በሽተኞች።»

«ምን ይዘው?»

«ውሃ።»

«አዎ። ውሃ ይዘው ወደ በሽተኛ ሄዱ። በሽታ ይዘው ወደ ጤነኛ ሄዱ?»

ቡርጊ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «አልሄዱም» አለች በቀስታ። «እኔ ግን ሄድኩ።»

«የገዛ ነፍሳቸውን ሰጡ እንጂ የሌላውን ሰው ነፍስ አልሰጡም፤ ልዩነቱ እሱ ነው። አንቺም አሁን፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ያን ሕፃን አዳንሽው። ይህም ይታሰብልሻል።»

ያን ስሕተት ፈልጋችሁ ያገኛችሁት ልጆች፣ ጎበዞች!

ከዚያ አባ ላምበርት ቆመው ለሕዝቡ፦ «ዛሬ መስቀሉን በአፋችን አንስመውም። በዓይናችን እንስመዋለን» አሉ።

እማማ ፌፋ ብትራቸውን መሬት ላይ መቱ። እማማ ፌፋ በመንደሩ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጡ አሮጊት ናቸው፤ ቄሱን የሚቆጡትም እሳቸው ብቻ ናቸው። «ምን ጉድ ነው! ደግሞ ብለው ብለው መስቀል በሽታ ያስተላልፋል ሊሉን ነው?»

«መስቀሉ አይደለም፣ እማማ። አፋችን ነው።»

እማማ ፌፋ አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት። ከዚያም ከሁሉ ቀድመው፣ ወገባቸውን ይዘው፣ ከመስቀሉ ፊት ዝቅ ብለው ሰገዱ። ሰዉ ሁሉ ተከተላቸው።

የቡርጊ አባት ሰንደቁን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ቡርጊን በጀርባው አዘላትና ኡርስልን አስከትሎ ዳገቱን ወጣ።

«አባዬ፣ ተናደሃል?»

«ተናድጃለሁ።»

«በጣም?»

«በጣም። ግን ዳገቱ ረጅም ነው። ቤት እስክንደርስ ይበርድልኛል።»

እናቷ ከበረቱ ስትወጣ አየቻቸው። ሁሉንም ከሰማች በኋላ ቡርጊን ገላዋን በለብ ያለ ውሃ አጠበቻት፣ አስተኛቻት፣ መጋረጃውን ዘጋችላት። «እንዲህ እያተኮሰሽ ከእኔ መደበቅ?» አለች። ለቡርጊ ግን ይህ ከቁጣ ይልቅ ከበዳት፤ ትራሷ ውስጥ ገብታ «ይቅር በይኝ፣ እማዬ» አለች።

ደወሉ ሲደወል ከሩቅ ተሰማ። አሁን ሻማው ተነሣ፣ አሁን ወደ ወንዙ ወረዱ እያለች አሰበች። ዓይኗን ጨፍና አለቀሰች።

እኔ ግን ከመዘምራኑ ጋር ነበርኩና የሆነውን ልንገራችሁ። አባ ላምበርት ከግቢው በር ላይ አስቆሙን።

«ስሙኝ» አሉ። «ያኔ በወረርሽኙ ዓመት፣ ወደ ወንዙ የሄደ ሰው አልነበረም። መቆም የቻሉት ሰዎች በየተዘጋው ቤት ፊት እየሄዱ፣ ከመንገዱ ላይ ሆነው ይዘምሩ ነበር። ውስጥ ያለው በሽተኛ ተረሳሁ እንዳይል ነው። የመጀመሪያው ዑደት እሱ ነበር። በኋላ የተዘጋ ቤት ሲጠፋ ነው ወደ ወንዙ መሄድ የጀመርነው። ዘንድሮ ግን የተዘጋ ቤት አለን።»

አፍራ ሻማውን ይዛ ወደ ዳገቱ ዞረች። ሁላችንም ተከተልናት።

ቡርጊ መጀመሪያ ሕልም መሰላት። መዝሙሩ እየራቀ ሳይሆን እየቀረበ መጣ። ኡርስል መስኮቱ ላይ ተለጥፋ፣

«ቡርጊ! መጡ! ሁሉም መጡ! እማማ ፌፋም መጡ፣ ላብ በላብ ሆነዋል!» ብላ ጮኸች።

እናቷ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ወደ መስኮቱ ወሰደቻት። እውነትም መላው መንደር ከአጥሩ ውጭ ቆሟል። ሰንደቁ ይውለበለባል። ልጆቹ ቢጫ አበባ ይዘዋል። እኛ መዘምራኑ ዳገቱ ትንፋሻችንን ስለወሰደው ግማሹን መዝሙር በማለክለክ ነው የዘመርነው። አፍራ ፊት ቆማለች። ሰሙ ጫማዋ ላይ ተንጠባጥቧል።

«ቡርጊ!» ብላ ጮኸች። «ይሄ ነገር ድንጋይ ነው! ክንዴ ሊገነጠል ነው!»

«ትከሻሽ ላይ አስደግፊው!» ብላ መለሰች ቡርጊ በጎረነነ ድምፅ። ያ ድምፅ የዝይ ድምፅ ነበር። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፣ ሳቋም ሳል ሆነ።

እትዬ ሴንዚ ከሁሉም ራቅ ብላ፣ ዛፉ ሥር ቆማለች። የኮርቢን ትንሽ እጅ ይዛ ከሩቅ አወዛወዘችላት።

ከዚያ እንደገና ዘመርን፤ አሁን በሙሉ ድምፅ። ቡርጊም ከመስኮቱ ውስጥ ሆና ዘመረች። መዝሙሩ ሲያልቅ ትንሽ ጸጥታ ሆነ። ኡርስል ጸጥታ አትወድም። በሌላኛው መስኮት ራሷን አውጥታ፣

«ላማችን ጥጃ ወለደች! ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት!» አለች።

«እልል!» አሉ እማማ ፌፋ፣ ብትራቸውን ወደ ላይ አንሥተው። እኔ በዚያ ስእለት ቀን ስንት ዓመት ሄጃለሁ፤ እንደዚያ ዓመት ግን ተደስቼ አላውቅም።

ልጆች፣ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለን ነበር። ግን የቡርጊ ጥፋት ውጤት ነበረው።

ኩፍኙ ከቡርጊ ላይ ወርዶ፣ ነጥቦቹ ጠፍተው፣ እሷ ድና ወደ በረት መሮጥ ስትጀምር፣ ሌሎቹ ወደቁ። መጀመሪያ ኡርስል ተያዘች። እሷስ በነጥቦቿ ኮራች፤ መስተዋት ይዛ «ይቺ አዲስ ናት!» ትል ነበር። ከዚያም ያን ቅዳሜ ለልምምድ የመጡት ልጆች ተራ በተራ ታመው ተኙ። ኮርቢን ግን እግዚአብሔር ጠበቀው፣ አንዲት ነጥብ እንኳ አልወጣችበትም። ከሁሉም የጠናባት አፍራ ነበረች። ትኩሳቱ አልወርድ አላት። ጆሮዋን አመማት። መብላት አቆመች።

ቡርጊ ይህን ስትሰማ የእጇ ማንኪያ ወደቀ። ኩባያዋ ትዝ አለቻት።

«እማዬ፣ ልሂድ?» አለች። «አፍራን ላስታምም ልሂድ? ወይስ ይሄም ጥፋት ነው?»

እናቷ ትክ ብላ አየቻት። «አይደለም። አንቺን ኩፍኝ ዳግም አይዝሽም። ሌላው ልጅ ሁሉ መራቅ ሲኖርበት አንቺ መቅረብ ትችያለሽ። ሂጂ፣ ልጄ።»

ቡርጊ ያን ቁልቁለት በእውነት ሮጠችው።

የዳቦ ጋጋሪው ቤት ከመጋገሪያው በላይ ነው። የአፍራ አባት ለሊጡ፣ እናቷ ለታመሙት ትናንሽ ልጆች ይሯሯጣሉ። አፍራ መጋረጃው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተኝታለች። ፊቷ ሁሉ ቀይ ነው። ያ ስለታም ምላሷ ደርቋል።

ቡርጊ ጨርቅ አርጥባ ግንባሯ ላይ አደረገችላት። ውሃ በማንኪያ አጠጣቻት። ስለ ጥጃዋ በሹክሹክታ አወራችላት። በማግሥቱም መጣች። በሦስተኛው ቀን ግን መያዝ አቃታት።

«አፍራ፣ የነገርኩሽ ነገር ሁሉ ውሸት ነበር። ያን ቀን በኩባያዋ ከእኔ በኋላ ስትጠጪ አሞኝ ነበር። እያወቅሁ ዝም አልኩሽ። በእኔ ነው የታመምሽው። ይቅር በይኝ።»

አፍራ ዓይኗን ሳትገልጥ ቆየች። ቡርጊ ጓደኝነታቸው ያበቃ መሰላት።

«እኔ ነኝ ሞኟ» አለች አፍራ በመጨረሻ፣ በቀጭን ድምፅ። «ቁልቁለት ላይ ሆነሽ ዳገት ሮጥኩ ስትዪ መንቃት ነበረብኝ።»

«ይቅር አልሽኝ?»

«ይቅር ብዬሻለሁ። ጨርቁን ገልብጪው፣ ሞቋል።»

ቡርጊ ጨርቁን ገለበጠችው። ሁለቱም አለቀሱ፣ ግን ለቅሶው ቀላል ነበር።

ከዚያም በኋላ አባ ላምበርት በየቀኑ ለአፍራ ጸለዩላት፣ ሐኪሙም ከታችኛው ሸለቆ እየመጣ አያት። ቡርጊ አንድም ቀን አልቀረችም። አንድ ጠዋት ገና ወንበሯ ላይ ከመቀመጧ አፍራ ዓይኗን ገለጠች። ግንባሯ በላብ ርሷል፣ ግን ቀዝቅዟል። አፍንጫዋን ወደ በሩ አዞረች። ከታች ከመጋገሪያው የትኩስ ዳቦ ሽታ ወደ ላይ ይመጣል።

«ቡርጊ» አለች አፍራ።

«አቤት?»

«ርቦኛል።»

ቡርጊ በሩን በርግዳ ወጣች። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች «ራባት! ራባት! አፍራን ራባት!» እያለች ወረደች። ዳቦ ሊገዙ የቆሙት ሴቶች ዞረው አዩዋት። የአፍራ እናት ወንበር ላይ ዝርፍጥ ብላ አለቀሰች። ዳቦ ጋጋሪው ግን እጁ በዱቄት እንደነጣ፣ ከምድጃው ያወጣውን ትልቅ ዳቦ ሙሉውን፣ እንፋሎቱ እየተነሣ፣ በመሐረብ ጠቅልሎ ቡርጊን አስታቀፋት። ሁለቱ ልጆች አልጋው ላይ ቁጭ ብለው፣ ጣታቸው እየተቃጠለ፣ እየሳቁ በሉት።

ልጆቼ፣ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይህ ነው፦ ባልንጀራችንን መውደድ አንዳንዴ ቀርቦ ማስታመም ነው፣ አንዳንዴም ለእሱ ደኅንነት ብሎ መራቅ ነው፤ ሌላውን የሚጎዳ በሽታን መደበቅ ግን መቼም ቢሆን ፍቅር አይደለም።